ስመ ጥር ፊልም ላይ ስንሟገት

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ወዳጆቼንና ጎረቤቶቼን ቤቴ ሰብስቤ ፊልም ማሳየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የማሳያቸው ዓለም «የምንጊዜም ምርጥ» ያላቸውን ነው። ፍላጎቴ ግን አብሮ ለማድነቅ ሳይሆን አድናቆቱ ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም በሚለው ላይ መሟገት ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሙግቱ ፈቀቅ አላለም። አንዱ «ድንቅ ነው» ይላል፣ ሌላው «እንቅልፍ ወሰደኝ» ይላል፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ሁሉም የያዘውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ነገሩን ያላላው ዝናው ከየት እንደሚመጣ መነጋገራችን ነው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የብሪታንያ የፊልም መጽሔት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሃያሲያንን ድምፅ ያሰጣል። እያንዳንዱ መራጭ የ10 ፊልሞችን ስም ይጽፋል፤ ብዙ ሰው የጠራው አንደኛ ይወጣል። ከ1962 እስከ 2002 ቦታውን ያልለቀቀው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ነበር። ይኸው ፊልም በዘመኑ ለ9 ኦስካር ታጭቶ ያገኘው የድርሰቱን ብቻ ነው። በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ከዙፋኑ አወረደው። በዚያ ዓመት ድምፅ ከሰጡት 846 ሰዎች «ቨርቲጎ»ን የጠሩት 191 ነበሩ። ከአራቱ መራጮች ሦስቱ ከ10 ምርጦቻቸው ውስጥ እንኳ አላስገቡትም ማለት ነው። ፊልሙ ያልጣመው ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ታዲያ እኔ ነኛ ከብዙኃኑ ጋር ያለሁት!» ብሎ ተነሥቶ ቆመ። አለመጥራት ማለት መጥላት እንዳልሆነ አስታወስኩት እንጂ ደስታውን አልቀማሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ደነገግን። የፊልሙ ዝና አይቶ ከመጨረስ በፊት አይነገርም። ደግሞም የሚያደንቅም ሆነ የሚነቅፍ አንድ ትዕይንት ይጠራል፤ እሱን ወደ ኋላ መልሰን እናየዋለን። ይህ ለነቃፊዎች የሚከብድ መስሎኝ ነበር። ዳገት የሆነው ግን ለአድናቂዎች ነው። የተሰላቸ ሰው የተሰላቸበትን ቦታ አይረሳም። አድናቂው ግን «ጥልቅ ነው»፣ «ረቂቅ ነው» ከማለት አያልፍም። ማሳያ ስትጠይቀው የሽልማት ስም ይደረድርልሃል፤ ይህ ደግሞ ውኃ አያነሳም።

ደንቡ የተፈተነው በ2022 በዚያው ምርጫ አንደኛ የወጣውን «ዣን ዲልማን»ን ባየን ጊዜ ነው። ሻንታል አከርማን የተባለች ቤልጅየማዊት በ25 ዓመቷ የሠራችው፣ በ1975 የወጣ፣ ሦስት ሰዓት ከ21 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው። ባሏ የሞተባት እናት ብራስልስ ውስጥ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ ድንች ትልጣለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በገንዘብ ወንድ ታስተናግዳለች። ካሜራው ከተተከለበት ንቅንቅ አይልም። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ከሥር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለጎረቤቴ ለእትዬ መተርጎም እንኳ አላደከመንም።

«ድንች ሲላጥ ለማየት የቤቴ ማድ ቤት ምን አነሰው?» አለ ያው ወዳጄ። ይህን ጊዜ እትዬ ጣልቃ ገቡ። «የሾርባውን ዕቃ አላየኸውም? ገንዘቡን የምታስቀምጥበትን? ሁልጊዜ ትከድነው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ክፍቱን ትታው ሄደች።» መልሰን አየነው። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ድንቹ ከልክ በላይ ይበስላል፤ ሴትዮዋ ድስቱን ይዛ የት እንደምታደርሰው ግራ ገብቷት ከክፍል ክፍል ትዞራለች። አንድም ቃል አትናገርም፣ ሙዚቃም የለም፤ ሕይወቷ መናድ የጀመረው ግን እዚያ ላይ ነው። እኔ ፊልሙ ስሙ ይገባዋል ያልኩት በዚህች ድስት ነው። የሚገርመው እትዬ ራሳቸው አልወደዱትም። «ገብቶኛል፤ ግን ይህን ለመናገር ሦስት ሰዓት አያስፈልግም» አሉ። ለካ አንድን ሥራ ጠንቅቆ አይቶም አለመውደድ ይቻላል። እኔ እንዲህ ያለውን ነቃፊ ፊልሙን በቅጡ ሳያይ ከሚያደንቀው አስበልጣለሁ።

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይ ግን የመጀመሪያው ደንባችን ከጅምሩ ፈረሰ። በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ማግኘቱን ያልሰማ አልነበረማ! በዚያ ላይ የራሳችን ታሪክ ነው። ወጣቶቹ ታሪኩ ከመንደሩ ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ ሲዘል ጠፋብን አሉ። የእትዬ ባለቤት ጋሼ ደግሞ «ያየሁት ነው፤ እውነት ነው» ብለው ሊዘጉት ፈለጉ። እውነት መሆኑ የፊልሙን ብቃት አያረጋግጥም ብዬ በአክብሮት ተከራከርኳቸው፤ እውነተኛ ታሪክ ይዞ የሚንገዳገድ ፊልም ሞልቷል።

የእኔ አቋም ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር አካሉ ጎድሎ ወደ እናቱ ቤት የተመለሰበት የመንደሩ ክፍል ሽልማቱ ሲያንሰው ነው የሚል ነበር። የጀርመኑን ክፍል ግን ነቀፍኩት። ለማስረጃ ተማሪዎቹ ስለ አብዮት የሚከራከሩበትን ቦታ ጠራሁና መልሰን አየነው። ሰው ከሰው ጋር የሚያወራ አይመስልም፤ ሁሉም መድረክ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው፤ አልኩ።

ጋሼ እስኪያልቅ ጠብቀው «እንደዚያ ነበር የምንናገረው» አሉ። «ፍቅር እንኳ ስንገልጽ በስብሰባ ቋንቋ ነበር። አንተ የፊልሙ ስሕተት ያልከው የእኛን ስሕተት ነው።»

ይህን መልስ እስካሁን አልረታሁትም። የጀርመኑ ክፍል ረዝሟል ማለቴን ግን አልተውኩም።