«አለሽ?»

አባቴ በመጨረሻው ዓመት ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ግላኮማ ነው። ሳያሳምም፣ ቀስ ብሎ ከዳር ከዳር እየበላ ይመጣል። የሄደው እይታ ደግሞ አይመለስም። እኔ ከአልጋው አጠገብ ፍራሽ ዘርግቼ እተኛ ነበር። ሌሊት ይነቃና «አለሽ?» ይለኛል። «አለሁ አባዬ» እለዋለሁ። በቃ። ውሃ ስጪኝ አይል፣ ተነሺ አይል። ትንፋሹ ረጋ ይልና ተመልሶ ይተኛል። አንዳንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይጠራኛል። የተሰላቸሁበት ጊዜም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

እግዚአብሔር የለም ብዬ አላውቅም። ያኔ ብትጠይቁኝም «አለ» ነበር የምለው። ግን የእኔ «አለ» ሩቅ ነበር። ስሙን ሰምቼ፣ እደርስበታለሁ ብዬ እንደማላስበው አገር። ጸሎቴም እንደ ማመልከቻ ነበር። አስገባለሁ፣ መልስ ካልመጣ ያየው የለም እላለሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ቤቱ ጭር ካለ በኋላ፣ አንድ ሌሊት ነቃሁ። ከልምድ የተነሳ ጆሮዬን ወደ አልጋው ጣል አደረግኩ። ዝም። ያ ዝምታ በጣም ከበደኝ። ሳላስበው «አለህ?» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ። አባቴን አልነበረም፤ እሱ እንደሌለማ አውቃለሁ። ማንን እንደጠየቅኩ የገባኝ ከጠየቅኩ በኋላ ነው።

ድምፅ አልሰማሁም። ብርሃንም አላየሁም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ እኔ ራሴ የሰው ምስክርነት በሰማሁ ቁጥር አንድ ትልቅ ነገር እጠብቅ ነበርና። የሆነው ይህ ነው፦ ትንፋሼ ረጋ አለ። ልክ «አለሁ» ስለው የአባቴ ትንፋሽ እንደሚረጋው። ሰው አጠገብ ሲኖር እንደሚታወቀው ታወቀኝ። ተመልሼ ተኛሁ።

«ሐዘኑ ነው» ያለኝ ወዳጅ አለ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። ግን ሐዘኑ እየቀለለኝ ሄደ፣ ያ «አለሁ» ግን አብሮት አልሄደም።

ከዚያ ወዲህ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3ን ደጋግሜ አነባለሁ። ሙሴ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። እግዚአብሔር ስለ ሙሴ ማንነት አንድም ነገር አይመልስለትም። ከአንተ ጋር እሆናለሁ ነው የሚለው። ስሙን ሲጠይቀው ደግሞ «ያለና የሚኖር እኔ ነኝ» ይለዋል። ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ስለ ዘላለማዊነቱ ብቻ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። አሁን መጀመሪያ የሚሰማኝ «አለሁ» የሚለው ነው።

ዛሬም ጠርቼ ምንም የማይሰማኝ ሌሊት አለ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ከብዶኝ ለአባቴ ሳልመልስለት ቀረሁ። (እግዚአብሔር አይተኛም፤ ምሳሌዬ እስከዚያ አይደርስም።) ጠዋት «ሌሊት የት ሄደሽ ነበር?» አለኝ።

የትም አልሄድኩም ነበር። እጁን ቢዘረጋ ይነካኝ ነበር።