ደሙ የተቀዳው በስንት ሰዓት ነበር?

ከቫይረስ ሕመም ከተነሣሁ አራት ወር አልፎ እንኳ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኝ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልምብኝ፣ ጥቂት ከሠራሁም በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ እውል ነበር። የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የታይሮይድና የኩላሊት ምርመራዎች ሁሉ ደህና ሆነው ስለተመለሱ ሐኪሜ ኮርቲሶል የተባለው፣ ሰውነት ጭንቀትንና ሕመምን እንዲቋቋም የሚረዳው ሆርሞን በደሜ ውስጥ እንዲለካ አዘዙልኝ።

ያን ጊዜ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። አድሬናል ዕጢዎች ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ሲሆኑ፣ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ኤሲቲኤች በተባለ ሆርሞን ሲያዛቸው ኮርቲሶል ያመነጫሉ። የኮርቲሶል መጠን ማለዳ ላይ ከፍ ይልና ቀኑን ሙሉ እየቀነሰ ሄዶ እኩለ ሌሊት ገደማ ከሁሉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰዓቱ ያልታወቀ ውጤት ምንም አይነግርም።

በላቦራቶሪው መስኮት የተነገረኝ ግን «ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ እንጂ ሰዓቱ ችግር የለውም» የሚል ነበር። ጠዋት መነሣት ያቅተኝ ስለነበር ደስ ብሎኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጦሜን ውዬ፣ ከቀኑ 9፡40 ላይ ደም ሰጠሁ። ጦሙ ለዚህ ምርመራ አያስፈልግም ነበር፤ የሚያስፈልገው ማለዳው ነበር። ውጤቱ በዴሲሊትር 4 ማይክሮግራም ሆኖ፣ ከጎኑ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ተደርጎበት መጣ። ወረቀቱ ላይ የታተመው መደበኛ ልክ የጠዋት ልክ መሆኑን ሐኪሜም አላስተዋሉም፤ ዕጢዬ መሥራት እንዳቃተው ነግረውኝ ፕሬድኒሶሎን የተባለ፣ ኮርቲሶልን የሚተካ የስቴሮይድ ክኒን በቀን 5 ሚሊግራም ጀመሩልኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀለል አለኝና ሕመሜ ተገኘ ብዬ አለቀስሁ። በሦስተኛው ሳምንት ድካሙ እንደነበረ ተመለሰ። በወሩ ምርመራው ሲደገም ደግሞ ክኒኑን በዚያው ጠዋት ውጬ ሄድሁ። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን የራሱን ኮርቲሶል ይቀንሳል፤ በአንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችም ራሱ እንደ ኮርቲሶል ይቆጠራል፤ ስለዚህ ያም ውጤት ከንቱ ነበር።

በመጨረሻ የሆርሞን ስፔሻሊስት ዘንድ ቀረብሁ። ገና ወረቀቱን ሳያዩ «ደሙ የተቀዳው በስንት ሰዓት ነበር?» አሉኝ። ሰዓቱ ከስሜ ሥር በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ነበር። በመስኮቱ ሠራተኛም በሐኪሜም ተናድጃለሁ፤ ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ያን ወረቀት ሁለት ወር በቦርሳዬ ይዤ ስዞር አንድ ቀን እንኳ በደንብ አለማንበቤ ነው።

ክኒኑን በአንድ ጊዜ ማቆም አደገኛ ስለሆነ በስፔሻሊስቷ ክትትል ቀስ በቀስ ተቀነሰልኝ። ካቆምሁ በኋላ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የተወሰደው ደም 12 አሳየ። ከ3 በታች ቢሆን የዕጢውን ድክመት አጥብቆ ያስጠረጥር ነበር፤ ከ18 በላይ ቢሆን ደግሞ ጥርጣሬውን ያስወግድ ነበር፤ መካከል ላይ ስለዋለ በ250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች ዕጢዎቼ ተፈተኑ። በ30ኛው ደቂቃ ኮርቲሶሌ ከ18 አልፎ 22 ደረሰ። ዕጢዎቼ ጤነኞች ነበሩ።

ደሙ የሚቀዳበትን ሰዓት ሐኪማችሁን ራሳችሁ ጠይቁ፤ በመጠየቂያው ወረቀት ላይም አስጽፉ። መስኮቱ ላይ የሚነገራችሁ ከተጻፈው ሰዓት የተለየ ከሆነ አትቀበሉ። የምትወስዱትን ስቴሮይድ ሁሉ፣ በአፍ የሚሳበውን፣ በመገጣጠሚያ የሚወጋውንና የቆዳ ቅባቱን ጭምር ተናገሩ። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለባቸው ክኒኖችም (አንዳንድ የወሊድ መከላከያዎችም) የኮርቲሶልን ውጤት ከፍ ያደርጋሉና አትደብቁ። ለ«አድሬናል መድከም» እየተባለ የሚሸጠውን ማሟያ አልመክርም፤ ይህ በሆርሞን ሕክምና የታወቀ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ክብደቱ የሚቀንስ፣ ጨው ጨው የሚለው፣ ድዱና የመዳፉ መስመሮች የሚጠቁሩ ሰው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ አዲሰን እ.ኤ.አ. በ1855 የገለጸው እውነተኛ የአድሬናል በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ወደ ሐኪም ከመሄድ አንድ ቀን እንኳ ሊዘገይ አይገባም።

ድካሙ ግን አሁንም አለ። «በየቀኑ እንቅስቃሴ ይጨምሩ» ተብዬ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም አልጋ ላይ ወድቄያለሁ፤ በማግስቱ ለሚብስበት ሰው ይህ ምክር ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን የምሠራው ገና ሳይደክመኝ እያቆምሁ ነው፤ ባለፈው ሳምንትም ሁለት ፎቅ ሳላርፍ ወጥቼ በማግስቱ ደህና ሆኜ ተነሣሁ።