«ዝም አይነቅዝም» እና የድንኳኑ ደረሰኝ

ከሁለት ዓመት በፊት በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። አዲስ ድንኳን ተገዝቶ ነበርና «ደረሰኙን ብናየው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፣ ድምፃቸውም ከፍ አላለም። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው በፈገግታ «እህቴ፣ ዝም አይነቅዝም እኮ!» አሏቸው። ቤቱ ሳቀ። ጸሐፊው መዝገቡን ከደነ። እሳቸውም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ቁጭ አሉ። እኔም ስቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ እሱ ነው።

ነገሩ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ሽማግሌው እኮ መልስ አልሰጡም። ደረሰኝ አለ አላሉም፣ የለም አላሉም። ሁለት ቃል ጣል አደረጉ፣ እኛም ጥያቄው እንደተመለሰ ቆጥረን ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን።

እስቲ ተረቱን ቀስ ብላችሁ በሉት። ዝም። አይነቅዝም። «ዝም» የሚለው ቃል ሳይነካ፣ እንዳለ፣ «አይነቅዝም» ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጆሮ ሁለቱ ሲገጥሙ ይሰማና ሐሳቡም የገጠመ ይመስለዋል። እህል ይነቅዛል፣ ዝምታ ግን አይነቅዝም ነው የሚለን። ግን ጎተራ ከፍቶ ያየ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ነቀዝ ራሱ ዝም ብሎ ነው የሚበላው። ስንዴው ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው። ዘገን ሲያደርጉት ግን ይቀላል፣ እያንዳንዷ ፍሬ ተበስታለች፣ ዱቄቷ መዳፍ ላይ ይቀራል።

ይሄ የእኛ ጆሮ ብቻ ጠባይ አይደለም። ማክግሎን እና ቶፊግባክሽ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብዙም የማይታወቁ የእንግሊዝኛ አባባሎችን ለሰዎች አቅርበው ምን ያህል እውነት እንደሚመስሏቸው ጠየቁ። አባባሉ አንዴ ቤት እየመታ፣ አንዴ ደግሞ ትርጉሙ ሳይነካ ቤት እንዳይመታ ተደርጎ ነው የቀረበው። ቤት የሚመታው የበለጠ እውነት መሰላቸው። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። የአነጋገሩን ውበት ከሐሳቡ ለይታችሁ ፍረዱ ሲባሉ ልዩነቱ ቀነሰ። ሰው ከነገሩት መለየት ይችላል ማለት ነው።

አባባል ጠልቼ አይደለም ይህን የምጽፈው። እንዲያውም ከምንም በላይ የምወደው አባባል «መሬት ላራሹ» ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ይህን ይዘው አደባባይ ሲወጡ፣ የሲሶ አራሹንና የእኩል አራሹን ኑሮ፣ ከአውድማው ላይ ምርቱን ለባለመሬት እያካፈለ የሚቀረውን ጭሰኛ፣ ያን ሁሉ በሁለት ቃል ጠቅልለው ነው የወጡት። በየትኛውም ጥናታዊ ጽሑፍ ያ አይሆንም ነበር። ከአስር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የመሬት አዋጁ ታወጀ፤ ጭሰኝነትም ቀረ።

ግን መፈክሩን ደግማችሁ እዩት። ግስ የለውም። ይሰጥ ነው? ይመለስ ነው? ማነው የሚሰጠው? በባለቤትነት ነው ወይስ በመጠቀሚያነት? ሁሉም ያሻውን ግስ እየቀጠለ አብሮ ጮኸ፣ ጉልበቱም እዚያ ላይ ነበር። አዋጁ ሲመጣ ግስ ማስገባት ግድ ሆነ፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው አለ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር ያልበለጠ የመጠቀም መብት ሰጠ፣ መሸጥንና በዋስትና ማስያዝን ከለከለ። ይህን ትክክል የሚሉ አሉ፣ አራሹ ባለርስቱን በመንግሥት ቀየረ እንጂ መሬቱን አላገኘም የሚሉም አሉ። ሁለቱም መፈክሩን ይጠቅሳሉ። እስከ ዛሬ ስለ መሬት ስንከራከር የምንከራከረው ያኔ በተዘለለችው ግስ ላይ ይመስለኛል።

«ያለ ምንም ደም ኢትዮጵያ ትቅደም» የሚለውን ግን ማንሳት ይከብደኛል። «ደም» የሚለው ቃል «ትቅደም» ውስጥ ተቀምጧል፤ ልክ «ዝም» «አይነቅዝም» ውስጥ እንደተቀመጠው። ሲሉት ደስ ይላል፣ ለሰልፍ ይመቻል፣ ብዙ ሰውም ከልቡ ብሎታል። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 14 ቀን፣ ገና ሦስት ወር እንኳን ሳይሞላ፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩትን አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማያውቅ ቤተሰብ የለም። መፈክሩ ገደለ አልልም። ግን ቤት የመታ ተስፋ የያዘ ሰው ዋስትና የያዘ ይመስለዋል፣ «ደም እንዳይፈስ ምን አደረጋችሁ?» ብሎ ለመጠየቅም ይዘገያል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»ንም ስንት ጊዜ እየሳቅን ብለነዋል! ሌባ እንኳን እንዲህ ያለ ጠበቃ አያገኝም።

ድንኳኑ በሁለተኛው ክረምት ማፍሰስ ጀመረ። ለቅሶ ላይ ነበርን፣ ውሃው በስፌቱ በኩል እየገባ ሐዘንተኞቹ ፍራሽ ላይ ይንጠባጠባል፣ ልጆች ከሥሩ ሳፋ ይዘረጋሉ። እኚያ እናት ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሱም፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ዘንድሮም ፈገግ ብለው ያንኑ ተረት መለሱልኝ። «አባቴ፣ ባለመናገርም ደጃዝማችነት ይቀራል» አልኳቸው። ቤቱ እንደገና ሳቀ፣ አሁን በእኔ በኩል ሆኖ። ሁለት ሦስት ሰው «እውነቱን ነው፣ ደረሰኙ ይምጣ» አለ፣ ጸሐፊውም በቃለ ጉባኤ ያዘው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ደስታዬ ጎረበጠኝ። የረታሁት ተረት በተረት ነው፤ የእኚያ እናት ጥያቄ ግን ከሁለት ዓመት በፊትም ያለ ተረት ትክክል ነበር። ከስብሰባው ስንወጣ አጠገባቸው ሄጄ ያን ቀን መሳቄን ነገርኳቸው። «አውቃለሁ፣ አይቼሃለሁ» አሉኝና ክንዴን ይዘው ቁልቁለቱን አብረን ወረድን።

ደረሰኙ እስካሁን አልመጣም። ቀጣዩ ስብሰባ የዛሬ ሳምንት እሑድ ነው።