አንባቢን ገንዘብ ስትጠይቁ

«ነጻ ጋዜጠኝነትን ደግፉ» የሚል ጥሪ ብቻውን ኪስ አያስከፍትም። አንባቢ ብሩ የት እንደሚገባ ማየት ይፈልጋል፤ ለምሳሌ የጠዋቱን የኢሜይል ዜና ለሚያዘጋጅ አንድ አርታኢ የ6 ወር ደመወዝ። የኔዘርላንዱ የጋዜጠኝነት ድረ ገጽ ደ ኮረስፖንደንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ገና ሥራ ሳይጀምር በ8 ቀን 15,000 ደጋፊ ሲያሰባስብ፣ ምን ዓይነት ጋዜጠኝነት እንደሚሠራ አስቀድሞ ዘርዝሮ ነበር።

የመለገሻ ቁልፉን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ርዕሱን እንኳ ሳያነብ ገጹን የሚሸፍን መስኮት የሚመጣበት ሰው ዘግቶ ይሄዳል። ቅጹ ላይ ስልክና አድራሻ አትደርድሩ፤ ኢሜይል፣ መጠንና የክፍያ መንገድ ይበቃል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ወርሃዊ ክፍያ ድምፅ ሳያሰማ መቋረጡን ነው። የባንክ ካርዱ የአገልግሎት ጊዜ ያልፋል ወይም ሒሳቡ ባዶ ይሆናል፤ ደጋፊው ግን አሁንም የሚከፍል ይመስለዋል። ሲስተሙ ያልተሳካውን ክፍያ ከ3 ቀን በኋላ ደግሞ እንዲሞክር፣ ካርዱ ሊያልፍ 30 ቀን ሲቀረውም አስታዋሽ ኢሜይል እንዲልክ አስተካክሉት።

የተሰበሰበውን ገንዘብ ማስታወቂያ ላይ ማፍሰስ አልወድም፤ በማስታወቂያ የመጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ጠቅ አድርጎ ይጠፋል። ኢሜይሉን የሰጠ ግን ነገም ይደረስበታል። ስለዚህ የገጽ እይታን ትታችሁ በወር 3 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመለሱትን ቁጠሩ።