ጽንሷ በሃይድሮፕስ የተያዘባትን እናት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንታት መንከባከብ

በጽንሱ ሰውነት ውስጥ ውሃ በሚጠራቀምበት፣ ሃይድሮፕስ ፌታሊስ በሚባለው ችግር፣ የሐኪሞቹም የቤተሰቡም ዓይን ከአልትራሳውንዱ ላይ አይነሳም። በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል አዋላጅ ሆኜ ስሠራ የተረዳሁት ግን እናቲቱ ራሷም በየሰዓቱ መታየት ያለባት ታማሚ መሆኗን ነው።

በተለይ የማነሣት በ33ኛ ሳምንቷ ከጤና ጣቢያ የተላከች እናት ናት። ደሟ አርኤች ኔጋቲቭ ነው፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋሳቷ ላይ አርኤች የሚባለው ፕሮቲን የለም፤ የመጀመሪያ ልጇ ጤነኛ ሲሆን ሁለተኛው በሆዷ ሳለ ሞቶባታል። አማቷ «ሾተላይ ነው» ብለው ነበር፤ የኢንዳይሬክት ኩምብስ ምርመራውም የጽንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት የሚያጠፋ ፀረ እንግዳ አካል በደሟ ውስጥ መኖሩን አሳየ። ጽንሱ ደሙ እያነሰ፣ ልቡም እየደከመ ስለሄደ በሆዱና በሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል፣ ቆዳው አብጧል፤ እንግዴ ልጁ ወፍሯል፣ የሽርት ውሃውም ከመጠን በላይ በዝቷል።

ባለቤቷ የአንቲ ዲ መርፌ ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ ነበርና ገንዘቡን እንዳያባክን ማስረዳት ነበረብኝ። መርፌው የሚሰጠው በ28ኛው ሳምንት አካባቢና አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ እንዲሁም ጽንስ ሲያስወርድ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ እንዳይፈጠር ይከላከላል እንጂ አንዴ የተፈጠረውን አያጠፋም። ይህን ለቤተሰብ መናገር ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ ዝም ማለት የበለጠ ይጎዳል።

የጽንሱ ሳንባ እንዲጠነክር ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ከተጀመረላት በኋላ የኔ ሥራ ክትትሉ ነበር። በየማለዳው በዚያው ሚዛን እመዝናታለሁ፣ ግፊቷን፣ የምትጠጣውንና የምትሸናውን እመዘግባለሁ፣ ሽንቷን ለፕሮቲን እመረምራለሁ፣ የኦክስጅን መጠኗን እለካለሁ፣ የሳንባዋን ድምፅ አዳምጣለሁ። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ቀድሞ የነገረኝ ግን የራሷ ቃል ነው፦ «ሲስተር፣ በጀርባዬ ስተኛ ያፍነኛል።» ፊቷና እጆቿ አብጠዋል፣ ክብደቷ በአንድ ሌሊት ጨምሯል፣ ግፊቷም ከፍ ብሏል። ይህ ሁሉ በእርግዝና ጊዜ ግፊት የሚጨምርበትን ሕመም፣ ፕሪኤክላምፕሲያን ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ሕመም ደም ስለሚወፍር ሄማቶክሪት (በደም ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ) ብዙውን ጊዜ ከፍ ሲል፣ የሷ ደሟ በፈሳሽ ስለቀጠነ ዝቅ ብሎ ነበር። የጽንሱ እብጠት በእናቲቱም ላይ የሚገለጥበት ይህ ችግር ሚረር ሲንድረም ይባላል፤ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ባላንታይን እ.ኤ.አ. በ1892 ገልጾታል።

የአልጋዋን ራስጌ ከፍ አድርጌ ኦክስጅን ሰጠኋት፣ የግሉኮሱን ፍሰት አስቆምኩ፣ ተረኛውን ስፔሻሊስትም ጠራሁ። ሳስረዳውም «አብጣለች» ብዬ ብቻ አልተውኩትም፤ የቀናቱን ክብደት፣ ሽንትና ሄማቶክሪት ጎን ለጎን የያዘውን ወረቀት ሰጠሁት፤ ያ ወረቀት ከረጅም ገለጻ ይልቅ ውሳኔውን አፋጠነው። ሳንባዋ ውስጥ ውሃ መግባት በመጀመሩ ውሃን በሽንት የሚያስወጣው ፉሮሴማይድ ታዘዘላት፤ ጽንሱን በሆድ ውስጥ ሳለ ለማከም ጊዜው ስላለፈና እናቲቱን የሚያድናት መውለዱ ስለሆነ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ተወሰነ።

ደም ማዘጋጀቱ ሌላ ፈተና ነበር። ለእርሷ አርኤች ኔጋቲቭ ደም ብቻ ነው የሚሰጣት፤ ጽንሱ ፖዘቲቭነቱን የወረሰው ከአባቱ ስለሆነ «የኔን ውሰዱ» እያለ የሚለምነው ባለቤቷ ሊረዳት አይችልም። ኔጋቲቭ የመሆን ዕድላቸው ከሌላው ሰው ስለሚበልጥ የእናቷን ልጆች አስጠራን፤ ከእነሱም እህቷ ተስማማች፣ ደሟም በደም ባንክ በኩል ተመርምሮ ደረሰ። እንዲህ ዓይነት እናት ስትመጣ ወንድም እህቶቿን ገና በመጀመሪያው ቀን እንዲመጡ ማድረግን ከዚያ ወዲህ ልማድ አድርጌዋለሁ።

በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሽርት ውሃው በዝግታ እንዲፈስ ተደረገ፤ በድንገት ከፈሰሰ እንግዴ ልጁ ያለጊዜው ሊላቀቅ ይችላል። ከመጠን በላይ የተለጠጠ ማህፀን ቶሎ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ማህፀን የሚያኮማትሩትን ኦክሲቶሲንና ሚሶፕሮስቶል፣ የደም መፍሰስን የሚቀንሰውን ትራኔክሳሚክ አሲድም ቀድመን አዘጋጅተን ነበር። እንደተፈራውም ደም ፈሰሳት። እዚህ ላይ ነው ዋናው ጭንቀት፦ የፈሰሰው ደም ፈሳሽ ይተካልኝ ይላል፣ ሳንባዋ ደግሞ ፈሳሽ አይችልም። ሰመመን ሰጪው ግሉኮስና ሳላይን ከማብዛት ይልቅ የተዘጋጀውን ደም ቀድሞ ሰጣት፤ ልክ ነበር እላለሁ።

ሕፃኑ ውሃው ከደረቱና ከሆዱ ቢቀዳለትም በማግስቱ ዐረፈ። እናቱን ሕፃናት ከሚያለቅሱበት ክፍል አውጥተን ለብቻዋ አስተኛናት፤ ፈቃዷን ጠይቀን ልጇን አሳየናት፤ ጡቷ በወተት ሲወጠር እንዳትደነግጥም ቀድመን ነገርናት። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ውሃው ወደ ደም ሥር ስለሚመለስ ሳንባ ዳግም ሊታፈን ይችላል፤ በመሆኑም ክትትሉን አላላላንም። እብጠቷ ግን በየቀኑ እየቀነሰ፣ ግፊቷም እየተስተካከለ ሄደ።

በመውጫ ወረቀቷ ላይ የደም ዓይነቷንና የኩምብስ ውጤቷን፣ እንደገና ካረገዘችም ሆዷ እስኪገፋ ሳትጠብቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንድትመጣ ጻፍን፤ ወረቀቱንም ለእርሷና ለባለቤቷ አብረው ተቀምጠው ሳሉ አነበብኩላቸው።