ከሀ እስከ ሆ፦ በ34 ዓመቴ ስትራስቡርግ ላይ ሳይክል ስማር

ሳይክል መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ሚዛን መጠበቅ፣ ቀጥ ባለ መንገድ መሄድ፣ ሳልወድቅ መቆም ችያለሁ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የምለማመደውም እሁድ እሁድ፣ ሱቅ ሁሉ ሲዘጋ፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። መንገድ ላይ ግን ወጥቼ አላውቅም ነበር። ምክንያቱም አንድ እጄን ከመሪው ላይ ማንሳት አልችልም። እጅ ካልተነሳ ደግሞ ልትታጠፉ መሆኑን ከኋላ ያለው ሰው በምን ያውቃል?

ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የምትኖር ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ሳቀች። የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ሳይክል ላይ ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። እኔ ደግሞ የሽሮ ሜዳ ልጅ ነኝ። እዚያ ሳይክል ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። "አራት ቀን ፈቃድ ውሰጂና ነይ" አለችኝ።

አርብ

ከሰዓቱ በሙሉ ኮርቻ በማስተካከል አለቀ። እስከዛሬ ኮርቻዬን ዝቅ አድርጌ፣ ሁለቱም እግሮቼ መሬት እንዲነኩ አድርጌ ነበር የምነዳው። ለካ ጉልበቴን ሲያመኝ የከረመው በዚህ ነው። "ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትሽ ትንሽ ብቻ ይታጠፍ" ብላ ከፍ አደረገችው። መጀመሪያ ፎቅ ላይ የወጣሁ መሰለኝ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን የድሮውን ረሳሁት።

ከተማዋ ለጀማሪ የተሠራች ትመስላለች። ሜዳ ናት፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሳይክል መንገድ አላት። መሃል ከተማው ኢል በሚባል ወንዝ የተከበበ ደሴት ነው፤ ደሴቱ ደግሞ ግራንድ ኢል ይባላል። ፈረንሳዮቹ ሲጽፉት ይለያያል፣ ሲጠሩት ግን ያው ነው። ጓደኛዬ "በኢል በኩል ታጠፊ" ባለችኝ ቁጥር ግራ እየገባኝ ሁለት ጊዜ ጠፍቻለሁ።

ቅዳሜ

ወደቅኩ።

የወደቅኩት የትራም ሐዲድ ላይ ነው። ሐዲዱ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ስለሆነ ምንም አይመስልም። መሃሉ ላይ ያለችው ቀጭን ጎድጓዳ ናት ጠላት። እኔ ከሐዲዱ ጎን ለጎን እየሄድኩ፣ ቀስ ብዬ ወደ ግራ ልሻገር አልኩ። የፊት ጎማዬ እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ልክ እንደ ቁልፍ ገባ። መሪውን ባዞረው አይዞርም። ቀጥሎ የማስታውሰው መዳፌ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ ነው።

አንድ ሽማግሌ ከራሳቸው ሳይክል ወርደው አነሱኝ። ፈረንሳይኛ አልችልም። እሳቸውም ይህን ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ አንዱን ክንዳቸውን በሌላኛው ላይ አጋድመው መስቀል ሠሩልኝ። ገባኝ። ሐዲድ የሚሻገሩት እንደ መስቀል ቆርጠው ነው እንጂ ጎን ለጎን እየተንሸራተቱ አይደለም። መዳፌን ታጥቤ ያንኑ ቦታ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩበት። ትራም ያለበት ከተማ ለምትሄዱ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙ።

ፔቲት ፍራንስ የሚባለው የድሮ ሰፈር ፎቶ ላይ እንደምታዩት ያምራል፤ ኮብልስቶኑ ግን ጥርስ ያንገጫግጫል። ወርደን እየገፋን አለፍነው። ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ የሐዋርያቱ ምስሎች የሚዞሩበትን የካቴድራሉን ትልቅ ሰዓት ልናይ ነበር፤ በእኔ መውደቅ አለፈን። ካቴድራሉን ከውጭ ብቻ አየነው። ቀይማ ድንጋይ፣ አንድ ጫፍ ብቻ፣ 142 ሜትር ከፍታ። ከ1647 እስከ 1874 እ.ኤ.አ. ድረስ ከዓለም ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር።

እሁድ

የእጅ ማንሳት ትምህርት የተጀመረው ኦራንዠሪ ፓርክ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ ዘዴ አላት። ግራ እጄን አነሳለሁ፣ እሷ ከኋላ ሆና "ሀ፣ ሁ፣ ሂ…" እያለች ትቆጥራለች። ሆ ላይ ከደረስኩ አለፍኩ። ማን ያስባል በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ፊደል እቆጥራለሁ ብሎ!

መጀመሪያ ሀ ላይ ነበር የምመልሰው። ችግሩ እጄ ሳይሆን ዓይኔ ነበር። ፓርኩ ውስጥ ሽመላዎች ዛፍ ላይ ጎጇቸውን ሠርተው ይኖራሉ። አንዷ ምንቃሯን ስታንቀጫቅጭ ቀና ብዬ አየኋት፤ ሳይክሉ ይዞኝ ሣር ውስጥ ገባ። ዓይን ወዳየበት ነው የሚሄደው። ሩቅ ላይ አንድ ዛፍ መርጬ እሱን ብቻ ሳይ ግን እጄ ራሱ ቀለለኝ። ሰባተኛው ሙከራ ላይ ሆ ደረስኩ። ጓደኛዬ እልል አለች፤ ሰዎች ዞረው አዩን።

ከሰዓት ወደ ራይን ወንዝ ወረድን። በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተ የእግረኛና የሳይክል ድልድይ አለ። በዚህ በኩል ፈረንሳይ፣ በዚያ በኩል ኬል የምትባል የጀርመን ከተማ። መሃሉ ላይ ሰፊ መቆሚያ አለው፤ እዚያ ወርደን ውሃውን አየን። ያን ቀን ማንም አላስቆመን፣ ማንም ወረቀት አልጠየቀን። ቪዛ ስጠብቅ የከረምኩባቸው ወራት ትዝ አሉኝና ለጓደኛዬ ምንም ሳልላት ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ኬል ገብተን አይስክሬም በልተን ተመለስን።

ሰኞ

ብሩሽ የሚባለውን ቦይ ተከትለን ወጣን። በ1682 እ.ኤ.አ. ለምሽግ የሚሆን ድንጋይ ሊያመላልሱበት የቆፈሩት ነው፤ ዛሬ ዳሩ ጥላ ያለው የሳይክል መንገድ ሆኗል። 10 ኪሎ ሜትር ሄደን 10 ተመለስን። ከዚህ በፊት በአንድ ቀን 6 አልፌ አላውቅም።

መንገድ ላይ ሕጎቹን አስጠናችኝ። ቀይ መብራት ሥር የተገለበጠ ትንሽ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ ቢጫ ሳይክልና ቀስት ካያችሁ፣ ለእግረኛና ለመኪና ቅድሚያ ሰጥታችሁ ቀስቱ ወደሚያሳየው ማለፍ ትችላላችሁ። ጆሮ ላይ ማዳመጫ ሰክቶ መንዳት 135 ዩሮ ያስቀጣል። እግረኛ መንገድ ላይ አዋቂ አይነዳም። እኔ ደግሞ መኪና በሰማሁ ቁጥር የምሸሸው እዚያ ነበር።

ቀኝ እጄስ? እሱ ሌላ ታሪክ ነው። በቀኝ እጄ የምሠራ ስለሆንኩ መሪውን የሚይዝልኝ እሱ ነው መሰለኝ፣ ሳነሳው ሳይክሉ ይንቀጠቀጣል። ሰኞ ማታ ሂ ላይ ቀረሁ።

ትናንት ፍራንክፈርት፣ ያው መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ብቻዬን እየቆጠርኩ ሄ ደረስኩ። ደውዬ ነገርኳት። "ህ የት ሄደች?" አለችኝ።