እሁድ ማታ

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ማኅበር ሄጄ ነበር፤ ወሬው ሁሉ የአዳራሽ ኪራይ ሆነና ሳንስማማ ተበተንን። እኔም አፌን ሞልቼ ተከራከርኩ፤ መዋጮዬን ሳልከፍል።

እየነዳሁ ስመለስ ሥራ ቦታ ያሉት ትልቋ ሴትዮ ትዝ አሉኝ። በየዓመቱ ጃንዋሪ 15 ሮዝና አረንጓዴ ለብሰው ይመጣሉ። ካማላ ሃሪስ ስትወዳደር ያበዱት ነገር! "እህታችን ናት" ነው የሚሉት። የሁለቱም ማኅበር አልፋ ካፓ አልፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ እኛ ክትፎ ከምንበላበት ዩ ስትሪት አፍንጫ ሥር የተመሠረተ የጥቁር ሴቶች ማኅበር። (ተፎካካሪዎቻቸውን፣ የዴልታ ሲግማ ቴታ ማኅበር ሴቶችን፣ እሳቸው ፊት ማንሳት አይመከርም። እነሱም በ1913 እዚያው ተመሥርተው፣ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰልፍ ወጥተዋል።)

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ያወሩኝ የሚሲሲፒው ታሪክ ግን ከውስጤ አልወጣም። በ1935 የተጀመረ ነው። መምህራን፣ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ሁሉም የአልፋ ካፓ አልፋ ሴቶች፣ በሰመር እረፍታቸው የገዛ መኪናቸውን እየነዱ ወደ ጥጥ አገር ወረዱ። መሪያቸው የዋሽንግተኗ ሐኪም ዶክተር ዶርቲ ፌሬቢ ነበሩ። ሐሳባቸው ክሊኒክ ከፍተው ሕዝቡ እስኪመጣ መጠበቅ ነበር። ባለመሬቶቹ ግን ጭሰኞቻችን ከእርሻው ንቅንቅ አይሉም አሉ። ሴቶቹ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? መድኃኒቱን መኪና ላይ ጭነው እርሻው ድረስ ሄዱላቸው!

ልጆቹን ለፈንጣጣና ለዲፍቴሪያ ሲከትቡ፣ ሽጉጥ የታጠቁ የእርሻው አለቆች ፈረስ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት በሽታውን አይደለም፤ ወሬውን ነው። ሐኪሟ ለእናትየዋ ስለ ልጇ ጥርስ ነው የምትነግራት ወይስ ስለ ደሞዝ? እንዲህ እየተጠበቁ እስከ 1942 ድረስ ተመላለሱ።

ሴትዮዋ ይህን ሲያወሩ ሰላጣቸውን እንኳ አላቋረጡም። ለእሳቸው የቤት ወሬ ነው። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት።

ስለ ሐኪሞቹ አይደለም የማስበው። እነሱ ሰመሩ ሲያልቅ መኪናቸውን አስነስተው ሄደዋል። ልጇን ክንዱን አስወግታ እዚያው የቀረችውን እናት ነው። ያ ባለፈረስ በማግስቱ ሲያገኛት "ምን አሉሽ?" ብሏት ይሆን? ምን ብላ መለሰችለት?